የአዱሊሱ ዙፋንና የግሪክ አማልክት ቅርጾች

በአክሱም መንግሥት የግሪክ አፈ ታሪክ ሰዎችና አማልክት በድንጋይ ተቀርጸው እንደ ነበር የሚመሰክረው ግልጽ ማስረጃ፣ በባሕር በሯ በአዱሊስ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ በስተምዕራብ ቆሞ የነበረው የነጭ እብነ በረድ ዙፋን ነው። ይህን የጻፈው ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ሲሆን፣ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱም ንጉሥ አፄ ካሌብ ከቀይ ባሕር ማዶ በነበረችው በሒምያር ላይ ለመዝመት ሲዘጋጁ፣ የአዱሊስ ገዥ አስባስ ለንጉሡ የሚላክ በዙፋኑ ላይ የነበረውን የግሪክኛ ጽሑፍ ቅጂ እንዲያዘጋጅ እርሱንና ባልንጀራውን ሜናስን ጠይቋቸው ነበር።

በኮስማስ ገለጻ መሠረት፣ ዙፋኑ አራት ማዕዘን መሠረት፣ በየማዕዘኑ ቀጫጭን ዓምዶች፣ በመካከሉም የተጠማዘዘ ወፍራም ዓምድ ሲኖረው፣ መቀመጫውም ሆነ መደገፊያው ሳይገጣጠም ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ ነበር። በመደገፊያው ጀርባ የሄራክሊስና የሄርሜስ ምስሎች ተቀርጸዋል፤ ሄራክሊስ አሥራ ሁለት ከባድ ገድሎችን የፈጸመ የዜውስ ልጅ፣ ሄርሜስ ደግሞ የአማልክት መልእክተኛና የነጋዴዎች ጠባቂ ነው። ሜናስ ሄራክሊስን የኃይል፣ ሄርሜስን የሀብት ምሳሌ አድርጎ ሲፈታ፣ ኮስማስ ግን የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስን ዋና ተናጋሪ ስለ ነበረ ሄርሜስ እንዳሉት ከሐዋርያት ሥራ አስታውሶ፣ ሄርሜስ የቃል ምሳሌ ነው ሲል ተቃወመ። የዝሆን ጥርስ በሚሸጥባት የወደብ ከተማ ለቆመ ዙፋን ግን የሜናስ ፍች ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል።

በዙፋኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ ንጉሥ በነገሠ በ27ኛው ዓመት ድል ለሰጠው ለአሬስ፣ ማለትም ለግሪኮች የጦር አምላክ፣ ዙፋኑን እንዳቆመና በአዱሊስ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለባሕሩ አምላክ ለፖሴይዶን እንደ ሠዋ ይናገራል። በንጉሥ ዒዛና ባለ ሦስት ጽሑፍ ሐውልት ግሪክኛው አሬስ ያለውን ግእዙ ማሕረም ስለሚለው፣ የግሪኩ ስም የአገሩን አምላክ ለባሕር ማዶ አንባቢ የሚያስተዋውቅ እንደ ነበር መረዳት ይቻላል፤ ከቅርጾቹም በስተጀርባ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደ ነበር መገመት ተገቢ ነው።

ከዙፋኑ ጀርባ ጽሑፍ ያለበት ሌላ ጥቁር ድንጋይ ወድቆ ነበር፤ እርሱም የግብጹ ንጉሥ የሳልሳዊ በጥሊሞስ ሲሆን፣ ንጉሡ በአባቱ ከሄራክሊስ፣ በእናቱ ከዲዮኒሶስ እንደሚወለድ ተጽፎበታል። ኮስማስ ሁለቱን ጽሑፎች እንደ አንድ ቢያነብባቸውም፣ የዙፋኑ ጽሑፍ የአክሱም ንጉሥ መሆኑን ሊቃውንት በኋላ ለይተዋል። ዙፋኑም ሆነ ድንጋዩ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች በርና መስኮት እንጂ የሰው መልክ ስለማይታይባቸው፣ የሁለቱ ምስሎች መጥፋት በአገሪቱ የቅርጽ ጥበብ ታሪክ ላይ የደረሰ ከባድ ጉዳት ነው።