የፕሮግራሚንግ ውድድር ሕግ ለምን ይህን ያህል ጠበቀ?

እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ "ዳኛ" ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ይሳሳታል፣ ተመልካች ይጮህበታል፣ በማግሥቱ የስፖርት ጋዜጠኛው ቁጭ ብሎ ይተነትነዋል። ከእኛ ሕንፃ ማዶ ያሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የሚፈሩት ዳኛ ግን ሰው አይደለም፤ ራሱ ፕሮግራም ነው። አይለመንም፣ አይጮህበትም፣ ምክንያትም አይሰጥም። "ስህተት" ይልና ዝም ይላል። በዚህች ጽሑፍ ስለዚህ ዳኛ፣ ከጀርባው ስላሉት ጥብቅ ሕጎችና ሕጎቹ እኛ ግቢ ሲደርሱ ስለሚገጥማቸው ነገር የተረዳሁትን ያህል ላስረዳ እሞክራለሁ። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮድ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ቅጣት ባለበት ሁሉ ያገባናል ነው መልሴ።

ለመሆኑ ውድድሩ ምንድን ነው? በዓለም ላይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ከሚደረጉት የፕሮግራሚንግ ውድድሮች አንጋፋው አይሲፒሲ በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው ነው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ውድድር ይመዘዛል፤ የፍጻሜው ውድድር የተጀመረው ደግሞ በ1977 ነው። የእኛ አገር ተማሪዎች መጀመሪያ አገር አቀፉን ዙር ይወዳደራሉ፤ የቀናቸው ወደ አፍሪካና አረብ አገሮች ሻምፒዮና ያልፋሉ፤ የዓለሙ ፍጻሜ ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመው ኤቱኤስቪ የተባለ ድርጅት አዲስ አበባና አዳማ ያሉ ተማሪዎችን በዚሁ ዓይነት ጥያቄ አፈታት ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የውድድሩ ወሬ በየግቢው በርክቷል።

አንድ ቡድን ሦስት ተማሪ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አንድ ብቻ። (ሦስቱም በየራሳቸው ቢጽፉ ነገሩ የጣት ፍጥነት ይሆን ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ሲሆን ግን ማን ይጻፍ፣ ማን በወረቀት ያስብ፣ ማን የጓደኛውን ስህተት ይፈልግ የሚለው ራሱ ፈተና ነው።) ጊዜው አምስት ሰዓት ሲሆን አሥር ገደማ ጥያቄ ይሰጣል። ቡድኑ ጽፎ የላከውን ፕሮግራም ዳኛው ለተወዳዳሪ በማይታይ መረጃ ይፈትነዋል። ከዚያ "ትክክል"፣ "ስህተት"፣ "ጊዜ አለፈ" ወይም "መሐል ላይ ተቋረጠ" የሚል መልስ ይመጣል። የቱ ጋ እንደተሳሳትክ አይነግርህም። መቶ ሙከራ አልፎ በመቶ አንደኛው የወደቀ ፕሮግራም ዋጋው ዜሮ ነው፤ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ስህተት መላክም በነጻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ውድቅ ሙከራ 20 ደቂቃ ቅጣት ይጨመራል፤ ቅጣቱ የሚቆጠረው ግን ያ ጥያቄ በመጨረሻ ከተፈታ ብቻ ነው። ምሳሌ ልስጥ። "ሀ" እና "ለ" የተባሉ ቡድኖች አራት አራት ጥያቄ ፈቱ እንበል። "ሀ" የፈታው በ30ኛው፣ በ70ኛው፣ በ120ኛውና በ200ኛው ደቂቃ ነው፤ ድምሩ 420። "ለ" በ20ኛው፣ በ60ኛው፣ በ110ኛውና በ190ኛው ፈታ፤ ድምሩ 380። ነገር ግን "ለ" መሐል ላይ ሦስት ጊዜ ተሳስቷል፤ ሦስት ጊዜ 20 ሲደመር 440 ሆነ። አራቱንም ጥያቄ ቀድሞ የፈታው ቡድን ተሸነፈ ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ለፈታ ቡድን ጠረጴዛው ላይ ባለ ቀለም ፊኛ ይታሰርለታል። በመጨረሻው አንድ ሰዓት ግን የደረጃ ሰንጠረዡ ስለሚታገድ ማን እየመራ እንደሆነ አዳራሹ አያውቅም።

ሌሎቹ ክልከላዎች ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናችንን ያስታውሳሉ። ሞባይል የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ከቡድን ጓደኛና ከተመደቡ ሠራተኞች በስተቀር ከማንም ጋር ማውራት አይቻልም፤ ከአሠልጣኝ ጋርም ቢሆን። በዓለሙ ፍጻሜ ይዞ መግባት የሚቻለው 25 ገጽ የታተመ ማስታወሻ ነው። ሕጉ ውስጥ ያሳቀኝ አንድ አንቀጽ አለ፤ ውድድሩን የሚያውክ ቡድን ሊሰረዝ ይችላል ካለ በኋላ ለምሳሌነት ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ የኤክስቴንሽን ገመድ መንቀል ነው። ሳስበው ግን አንቀጹ የዋዛ አይደለም። መብራት በሚሄድበት አገር ላለን ሰዎች ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈልገን ሌላው አንቀጽ ነው፤ ያልታሰበ ችግር ሲፈጠር የውድድሩ ኃላፊ ሰዓት ማራዘም ይችላል፤ መራዘሙም ለሁሉም በተመሳሳይ መንገድ መነገር አለበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምን አስፈለገ? ሩጫ ቢሆን ማን ቀድሞ እንደገባ ዓይን ያያል። የኮድ ሥራ ግን አይታይም፤ ሁለት ሰዓት የተለፋበት ፕሮግራም በሁለት ሴኮንድ ይገለበጣል፤ ግልባጩም እንደ ዋናው ይሠራል። ስለዚህ ሕጉ ቀድሞ ካልጠበቀ ኋላ ማጣራት ከባድ ነው። ኋላ ማጣራት ሲያቅት ምን እንደሚመጣ እኛ እናውቀዋለን። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ፤ ያልሰረቀውም እንደገና ተቀመጠ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ በ2015 መባቻ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ተፈትሸው፣ ያለ ሞባይል ተፈተኑ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ብቻ ሆኑ፤ ከተፈተኑት 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በዚያን ጊዜ የተማሪው ድክመት ነው፣ የለም የትምህርቱ ነው የሚል ክርክር ተነሥቷል። ሕጉ ስለጠበቀ ነው የወደቁት የሚለውን እኔ አልቀበልም። የጠበቀው ሕግ የነበረውን አሳየ እንጂ አዲስ ድክመት አልፈጠረም።

በፕሮግራሚንግ ውድድር ግን ጥብቅነቱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። 20 ደቂቃው፣ የጠረጴዛው፣ የሞባይሉ ሕግ አስቀድሞ የታወቀና ዓይን የሚያየው ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሁለት ሰው ኮድ ተመሳሰለ፣ ስለዚህ አንዱ ከአንዱ ገልብጧል የሚለው። እዚህ ላይ ነው ነገር የሚመጣው።

ብዙዎቹ ልጆች የሚለማመዱበት ኮድፎርስስ የተባለው የሩሲያ ድረ ገጽ ከውድድር በኋላ የተላኩትን ኮዶች እርስ በርስ ያስተያያል። በጣም የተመሳሰሉ ከተገኙ የሰጪውም የተቀባዩም ውጤት ይሰረዛል። ሳያስቡ ማሾለክም ጥፋት ነው፤ ለምሳሌ አይዲዮን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ኮዱን ማንም በሚያየው መንገድ መሞከር እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ነገር ግን በር አልዘጉም። ተመሳሳይነቱ የመጣው ከውድድሩ በፊት ታትሞ ከነበረ የጋራ ምንጭ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያለው ሰው ማቅረብ ይችላል።

ማስተያየቱ በምን ይሠራል ላላችሁ፣ ታዋቂው ሞስ የተባለው ሶፍትዌር ነው። አሌክስ አይከን የተባሉ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1994 የሠሩት ሲሆን እስካሁን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል ለመምህራን ይሰጣል። የተለዋዋጮቹን ስም ብትቀይር፣ መስመር ብትጨምር አይታለልም፤ የሚያየው የኮዱን አጥንት ነው። ሰው የሚዘነጋው ነገር ግን ሞስ ፈራጅ አለመሆኑ ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚሉት ሶፍትዌሩ የተመሳሰለውን ቦታ እንደሚጠቁም፣ መመሳሰሉ ለምን እንደመጣ አይቶ መወሰን ግን የሰው ሥራ እንደሆነ ነው። ሁለት ልጆች አንድ መምህር ያስተማሯቸውን ዘዴ ቢጽፉም ይመሳሰላሉ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ ደግሞ ኮድፎርስስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ገደብ አውጥቷል፤ ጥያቄን ወደ ሌላ ቋንቋ ማስተርጎም ይፈቀዳል፣ ጥያቄውን ሰጥቶ መፍትሔ መቀበል ግን ክልክል ነው። ሁለት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አንዱን ማሽን ጠይቀው አንድ ዓይነት ኮድ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ማን ከማን ገለበጠ የሚለው ጥያቄም ከድሮው የበለጠ ተወሳስቧል።

ይህን ሁሉ እንዳጠና ያደረገችኝ አንዲት የአገሬ ልጅ ናት። ሁለታችንም ያደግነው ግሸን፣ ከአምባው ሥር ነው። እሷ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባች። ላፕቶፕ የላትም። ኮድ መጻፍ የጀመረችው በስልክ ነው፤ ያም ቢሆን በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ በደብተር ነበር የምትለማመደው። አምና በአንድ የተማሪዎች ውድድር ላይ፣ መልስ በሁለት ቀን ውስጥ የሚላክበት ዙር ነበር፣ የጋራ ላብ ኮምፒውተር ላይ ጽፋ ላከች። ፋይሉ እዚያው ቀረ። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠ ልጅ አገኘው። ሁለቱም ተሰረዙ፤ የሁለቱም ስም "በማጭበርበር" በሚል ርዕስ ሥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ለመስከረም 21 የማርያም ንግሥ አብረን ወደ አገር ስንሄድ ነው ነገሩን በሙሉ የነገረችኝ። "ፋይሉን አለማጥፋቴ ጥፋት ነው፣ እሺ። ግን የት ሆነሽ ጻፍሽው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም እኮ" አለችኝ። ቤት ደርሰን ቡና ላይ አያቷ ሰሙ። ኮድ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። "ታዲያ ልጄ፣ ሳይጠይቁሽ ነው የፈረዱት?" ብቻ ነው ያሉት።

ግሸን ስለ ቅጣት ሳይታሰብ የሚወጣበት ተራራ አይደለም። ዛሬ በግማደ መስቀሉ ይታወቅ እንጂ በመካከለኛው ዘመን ለብዙ ትውልድ የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ የሚጠበቁበት አምባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ከአምባው ታሳሪዎች ደብዳቤ ለንጉሡ ይዞ የወጣ መነኩሴ ተያዘ፤ የተገረፈው እሱ ብቻ ሳይሆን ጠባቂዎቹም ጭምር ነበሩ። ደብዳቤው እንዴት እንዳለፈ እየተጠየቁ ይገረፋሉ። እንግዲህ በር የሚጠበቅበት ሥርዓት ሁሉ ያሾለከውንም የሾለከበትንም አንድ ላይ መምታት ይቀናዋል። የኮዱ ሕግም "ሳያስቡ ማሾለክ ጥፋት ነው" ሲል ተወዳዳሪውን የራሱ በር ጠባቂ ያደርገዋል። የራሱ ላፕቶፕና የራሱ ክፍል ላለው ልጅ ይህ ከባድ አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አራት ሰው ለሚፈራረቅበት ላብ ግን በሩ የማን ነው?

ለዚህ ጽሑፍ ስል ከውድድሩ አዘጋጆች አንዱን አነጋግሬ ነበር። "ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፤ አንድ ጊዜ ማዘን ከጀመርን መቆሚያ የለውም" አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ውድድሩ ላይ የሚያዝን ዳኛ ቢኖር ለዘመድ ያዝናል፤ ይህንን ለማወቅ ኢትዮጵያዊ መሆን ይበቃል። እሷን ከዚያ ዙር ማስወጣታቸውንም አልቃወምም፤ የሾለከ መልስ ይዞ ውድድር መቀጠል ለሌሎቹ ፍትሕ አይሆንም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማሽኑ የጠቆመውን ሰው ሳያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የሕግ ጥብቅነት ሳይሆን የሥራ ስንፍና ነው። የላቡን መዝገብ ቢያዩ ማን በስንት ሰዓት እንደተቀመጠ በአሥር ደቂቃ ይታወቅ ነበር። "ፋይል በማሾለክ" እና "በማጭበርበር" የሚሉት ቃላትም በእኛ ሙያ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው እሷን ይገልጻል፣ ሁለተኛው ስሟን ያጠፋል።

የዘንድሮው ሕግ ሁለት ገጽ ሆኖ ላቡ በር ላይ ተለጥፏል። አምና ያልነበሩ ሦስት ነገሮች አየሁበት፤ ተወዳዳሪ ከላብ ሲወጣ ፋይሉን አጥፍቶ ይፈርማል፣ የተጠረጠረ ሰው ስሙ ከመለጠፉ በፊት ተጠርቶ ይጠየቃል፣ ቅሬታ በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። የ20 ደቂቃው ቅጣት እንዳለ ነው። ጓደኛዬ ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ልጅ ጋር ተመዝግባለች፤ ሦስተኛ አባል እየፈለጉ ናቸው፣ ምዝገባው አርብ ይዘጋል።