በአዌቱ ዳር ቤት መግዛት፦ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ዋጋና ስለ ወቅት



በጅማ ዙሪያ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት ወይም በጌራ ቡናውን የሸጠ ሰው ጅማ ላይ ቤት ለመግዛት ቢያስብ፣ ገንዘቡ እጁ የሚገባው በበጋ ነውና ቤቱንም የሚያየው በበጋ ነው። በዚያን ጊዜ አዌቱ ቀጥኖ ይወርዳል፣ ግቢው ደረቅ ነው፣ ዋጋውም ከኮረብታው ሠፈር ይቀንሳል። ደላላው ስለ ክረምት አያነሣም። የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ውሳኔው የሚሰጠው ውኃው በሌለበት ወቅት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ ያመጣው ደቻቱም፣ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው።

የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የተሠራው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከተማዋ ግን የሰፋችው ከኮረብታው ሥር፣ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው፤ ገበያ ሜዳ ይሻልና። አዌቱ ይህን ሜዳ አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ረግረግ ወንዝ ሲሞላ ትርፉን የሚያስቀምጥበት ጎተራ ነው። ጎተራው ሲጠነፈፍ፣ በአፈር ሲደለደልና ቤት ሲሠራበት ውኃው ሌላ ማደሪያ ይፈልጋል። በላይኛው ተፋሰስም የቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር፣ ቀድሞ ወደ አፈር ይሰርግ የነበረው ዝናብ ፈጥኖ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ «አባቶቻችን እዚህ ኖረዋል፣ ውኃ አልገባም» የሚሉ ጎረቤቶች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የሚመሰክሩት ግን ስለ ቀድሞው ተፋሰስ ነው።

«የሃያ ዓመት ጎርፍ» የሚለው አነጋገርም ብዙዎችን ያሳስታል። በየሃያ ዓመቱ ተራ ጠብቆ ይመጣል ማለት ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ዓመት የመድረስ ዕድሉ 5 በመቶ ነው ማለት ነው። በዚያ ቤት 20 ዓመት የሚኖር ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ዕድል 64 በመቶ ይደርሳል። የመቶ ዓመቱ ጎርፍ እንኳ በ30 ዓመት ውስጥ 26 በመቶ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። በአገራችን የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ገዢ የሚገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። የሚከፈለው ገንዘብ በተግባር የቦታውን ተፈላጊነት ቢጨምርም፣ በሕግ በግል የሚያዘው ንብረት ሕንፃው ነው፤ ጎርፍ የሚያፈርሰውም እርሱን ነው። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ፣ ባለቤቱ ከወንዙ ዳር ተነሥ ቢባል ካሳ የሚጠይቅበት መሠረት ደካማ ነው። ስለዚህ የዋጋው ቅናሽ ሲታሰብ በሌላው ሚዛን ላይ ሥሩ የራሰ የጭቃ ግድግዳ፣ ሞልቶ የፈሰሰ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ የተበከለ የውኃ ጉድጓድና ሥራ የተፈታባቸው ቀናት መቀመጥ አለባቸው።

በበጋም ቢሆን ምልክት አይጠፋም። ለቡና ሥርዓት የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ሳይተከል የበቀለበት ግቢ ውኃ የሚያቁር ነው። በግድግዳው ላይ በአንድ ከፍታ የተሰመረ የደለል ቀለም፣ ከታች ብቻ በአዲስ የተለሰነ ልስን፣ ከደጃፍ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ደፍ፣ እነዚህ ሁሉ ይናገራሉ። ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ በዚያ ሠፈር ተከራይተው የሚኖሩትን እናቶች መጠየቅ ይሻላል፤ ሌሊት ዕቃ ወደ አልጋ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።

እኔ ብሆን፣ ውኃ ገብቶበት የሚያውቅን የጭቃ ቤት በቅናሽም አልገዛም። መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሎ ለተሠራ ቤት ግን ውሉን እስከ ነሐሴ አቆይቼ፣ ከከባድ ዝናብ ማግስት ሄጄ አያለሁ። «አፈር ሞልቼ ግቢውን ከፍ አደርገዋለሁ» የሚል ሐሳብም ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ያ ግቢ ይደርቅ ይሆናል፤ በዚያ ያድር የነበረው ውኃ ግን አጥሩን ተከትሎ ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል።