አስፋልት እንዴት ያረጃል? በጥቂት ገንዘብስ እንዴት ይጠበቃል?

አንባቢ ሆይ! በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማለዳ ከገላን ኮንዶሚኒየም ተነሥተው ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ መንገዱን አጥለቅልቆታል። ሹፌሩ ከፊቱ ያለው ኩሬ ምን ያህል እንደሚጠልቅ አያውቅምና ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ ከወዲያ የሚመጣው የጭነት መኪናም እንዲሁ ሌላ ጉድጓድ ሸሽቶ ወደ መሐል ገብቷል። ረዳቱ በሩን ጨብጦ «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ!» ይላል። ከኋላ ወንበር ያለች ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች። ታክሲው ዘጭ ይላል፤ ደግነቱ ይወጣል።

በዚህ ጊዜ «ይህ መንገድ በቅርቡ አልነበረም እንዴ የተሠራው?» ማለትዎ አይቀርም። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከአስፋልቱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

የአቃቂ ሜዳ ቤት ሳይሠራበት በፊት ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ ነበር። ገበሬው ጠባዩን ያውቀዋል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ እግር ከያዘ አይለቅም። በበጋ ደግሞ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ይህን አፈር እስከ ተወሰነ ጥልቀት አስወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል፤ በዚያ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ይደመድማል፤ ከሁሉ በላይ አስፋልቱን ያለብሳል። የመኪናውን ሸክም በይበልጥ የሚሸከሙት ከሥር ያሉት ድንጋይና ገረጋንቲ ናቸው። በሰፈር መንገድ ላይ የሚደረገው ስስ አስፋልት ግን ዋና ሥራው ልክ እንደ ቤት ጣሪያ ውሃ እንዳይገባ መከልከል ነው።

እንግዲህ ጣሪያው የሚያረጀው እንዴት ነው? ጠጠሩን እርስ በርሱ የሚያያይዘው ሬንጅ ነው። ሬንጅ አዲስ ሲሆን ይለጠጣል፤ ፀሐይና አየር ሲበዛበት ግን እየደረቀ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናትና ፀሐይዋ ለሬንጅ አትራራም። ጥቁር የነበረው መንገድ መጀመሪያ አመድማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ የክረምት ውሃ ይገባል፤ ከሥር ያለው ገረጋንቲ ይላቁጣል፤ ጎማ በረገጠው ቁጥር ውሃው ጭቃ እየያዘ ወደ ላይ ይተፋል። አስፋልቱ የአዞ ቆዳ ይመስላል፤ ከዚያም ይቦደሳል። እኛ ጉድጓዱን የምናየው በመጨረሻው ቀን ነው፤ በሽታው ግን የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

ይህን ትምህርት አገራችን አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ጊዜ ብዙ መንገድ አሠርቶ ነበር። እሱ ከተባረረ በኋላ ግን ጠጋኝ በመጥፋቱ በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ መንገዶቹ ክፉኛ ፈረሱ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት መንገዶቹን ለማደስ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱን ካስወለዱት ችግሮች ዋነኛው የጥገና ጉድለት ነበር ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ለጥገና የሚውል ገንዘብ የሚሰበስብ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። የሌላውም አፍሪካ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት በአፍሪካ 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ወጥቶ ቢሆን 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይቀር ነበር ብሏል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመሆኑ የመንገድ ቅጠሉ ምንድን ነው?

ከሁሉ የሚረክሰው አካፋ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። በግንቦት ወር የጎርፍ መውረጃው ከፕላስቲክና ከደለል ከጸዳ ውሃው አስፋልቱ ላይ አይተኛም። ውሃ ያልተኛበት መንገድ ደግሞ ዕድሜው ረዥም ነው። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ላይ ከክረምቱ ዝናብ ሌላ ከልብስ ማጠቢያና ከሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ የሚወጣ ውሃ አለ፤ እርሱማ በጋ ከክረምት አያርፍም።

ሁለተኛው ስንጥቅን መድፈን ነው። ጥቅምት ከገባ በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ስንጥቁ በአየር ግፊት ይጠረግና የጋለ ሬንጅ ይፈስበታል። ጥቂት ሠራተኛና አንድ የሬንጅ ማሞቂያ ይበቃል።

ሦስተኛው መሐንዲሶች «ስለሪ ሲል» የሚሉት ነው። ደቃቅ ጠጠር፣ ውሃና ከውሃ ጋር የተዋሐደ ሬንጅ እንደ ገንፎ ይቦካና ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት መንገዱ ላይ ይቀባል። የሚሠራው ሳይሞቅ ስለሆነ ነዳጅ አይበላም። በጊዜው ከተደረገ ከ3 እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ይጨምራል።

እስቲ አብረን እናስላ። ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ አስፋልት ለማልበስ ከ800 ቶን በላይ የጋለ ድብልቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 40 ቶን ያህሉ ሬንጅ ነው። ያንኑ መንገድ ስለሪ ለመቀባት ግን ሬንጁ ከ10 ቶን በታች ነው። ሬንጅ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ኖርዌያውያን በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የፈለሰፉት «ኦታ ሲል» የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፤ ያልተመረጠ የአካባቢ ጠጠርን ለስላሳ ሬንጅ ላይ በትኖ መዳመጥ ነው። ቦትስዋና ብዙ መንገዷን በዚሁ ሠርታለች። ጭነት ለማይበዛበት መንገድ ለእኛም የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ዳሩ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ሁሉ መድኃኒት ለቆመ መንገድ እንጂ ለሞተ መንገድ አይደለም። ሥሩ የበሰበሰውን አስፋልት በላዩ ላይ ሌላ አስፋልት ማልበስ የበሰበሰ ግድግዳን ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ክረምት ሲመጣ ያው ነው። በዚህ ላይ በተደራረበ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይልና የማንሆሉ ክዳን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውም መውረጃውን ትቶ ወደ ሱቆቹ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የላይኛውን አሮጌ አስፋልት በማሽን መፋቅ ይገባል። የተፋቀው ፍርፋሪ አይጣልም፤ ከአዲስ ድብልቅ ጋር ይደባለቃል፣ ወይም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ተነጥፎ ይዳመጣል።

ጉድጓድ መድፈንም የራሱ ሥርዓት አለው። ዙሪያው በቀጥታ መስመር አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል፤ እርጥቡ አፈር ይወጣል፤ ጎንና ጎኑ ሬንጅ ይቀባል፤ ድብልቁ በንብርብር እየተጨመረ ይጠቀጠቃል። የሰፈር ሰው በበጎ ልብ የጡብ ስባሪና አፈር ሲሞላበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደግነቱን አመሰግናለሁ፤ አፈሩ ግን ውሃውን ይዞ ያስቀምጥና ጉድጓዱን ያሰፋዋል።

ስለ ከባድ መኪና ሳልናገር አላልፍም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካኖች በኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ የተሠሩ መንገዶች ላይ መኪና ቀንና ሌሊት እያስነዱ ጉዳቱን ለኩ። ከውጤቱም የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ታወቀ። አሸዋና ድንጋይ ከልክ በላይ ጭኖ በሰፈር መንገድ አቋርጦ የሚሄድ አንድ ገልባጭ በሺሕ የሚቈጠሩ የቤት መኪናዎች የማያደርሱትን ያደርሳል። የአቃቂ ቃሊቲ ወገን ፋብሪካና መጋዘን የበዛበት ስለሆነ ነገሩ ለገላን ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከገልባጩ የማይተናነሰው ድጅኖ ነው። መንገዱ ተሠርቶ ሳያልቅ የውሃ ቧንቧ፣ የስልክ መስመር ወይም የመብራት ኬብል ለመቅበር ይቈፈራል፤ ከዚያም በአፈር ተሞልቶ ይተዋል። ለዚህ ነው የኮንዶሚኒየም የውስጥ መንገዶች ላይ የሚነጠፈውን ኮብልስቶን እኔ የማልንቀው። ያንገጫግጫል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ተነቅሎ ቧንቧው ይቀበራል፤ ድንጋዩም ተመልሶ ይነጠፋል። ከውጭ የሚገዛ ሬንጅ አይፈልግም፤ ለጠራቢና ለአንጣፊ ወጣት ደግሞ እንጀራ ነው።

አንባቢ ሆይ! በሚቀጥለው ግንቦት የመጀመሪያው ዶፍ ባባራ በአንድ ሰዓቱ ጃንጥላዎን ይዘው ወደ ውጭ ይውጡ። ውሃው የቆመበትን ቦታ፣ የተደፈነውን ቦይ፣ በጎማው ዱካ ላይ ጭቃ የሚተፋውን ስንጥቅ ይመልከቱና በወረቀት ይጻፉ፤ የሕንፃውን ቍጥር ከጎኑ ያድርጉ። ወረቀቱን ለማኅበሩ ኮሚቴ ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይስጡ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ከደረሰ ሥራው የአካፋና የአንድ በርሜል ሬንጅ ነው፤ መስከረም ላይ ከደረሰ ግን የዶዘር ነው።