መርጫውን ከመግዛትህ በፊት ግድግዳህን ጠይቀው!

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ዛሬ ግን በርበሬው ቀርቶ የሚቸኮልበት ቀለሙ ሆኗል። ክረምቱ አልፎ ግድግዳ ሲደርቅ፣ የጥር ሰርግ ሲቃረብ፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ ቤቱን ከውጭ በኩል ለማሳመር የማይነሳ የለም። አባቶች ኖራቸውን በጥብጠው በብሩሽ ይለቀልቁ ነበር። ወጣቱ ደግሞ «እስፕሬ ካለ ማን በብሩሽ ይለፋል?» ይላል። ደግ ነው! ግን የትኛው እስፕሬ?

ነገሩን በአንድ የቢቸና ወጣት እንየው። ለጥር ሰርግ ቆርጧል፤ ሙሽሪት የምትገባው ወላጆቹ ቤት ነው። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። አጎቱ ከገጠር መጥተው «ልጄ፣ የአረም መርጫዬን ውሰድ፤ ምን ገንዘብ ታወጣለህ» አሉት። አሜሪካ ያለች እህቱ «ትንሽ የኤሌክትሪክ መርጫ ልላክልህ» አለችው። ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛው «ኮምፕሬሰሬን ይዤ እመጣለሁ!» ብሎ ፎከረ። ሦስቱም የመከሩት በፍቅር ነው። ይሁንና ፍቅር ግድግዳ አይቀባም…

ከአጎት እንጀምር። ቢቸና የጤፍ አገር ስለሆነ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ብርቅ አይደለም። ኖራን በሱ መርጨት ይቻላል። ችግሩ ትናንት ሆዱ ውስጥ ምን ነበር የሚለው ነው። ገበሬው የጤፍ አረም በቱፎርዲ ሲያጠፋበት ኖሯል። ታጥቧል ቢባል እንኳ ጎማውና ቱቦው ውስጥ ቅሪት ይኖራል። ያ ቅሪት ከኖራው ጋር ተኖ የሚቀባው ሰው ሳንባ ይገባል፤ ሕፃናት የሚደገፉት ግድግዳ ላይም ይቀመጣል። ደግሞ ኖራው አፈሙዙን ስለሚደፍነው አጎትዬው በሚቀጥለው ክረምት መድኃኒታቸውን አንዱ ጋ አብዝተው አንዱ ጋ አሳንሰው ይረጫሉ። ስለዚህ ለኖራ የተለየ፣ መርዝ ያልነካው አዲስ መርጫ ይሁን። ኖራውም በቀጭን ጨርቅ ሁለቴ ይጠለል።

የእህትየዋስ? በመጀመሪያ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። የአሜሪካ ዕቃ አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። ሳያዩ ቢሰኩት በደቂቃ ጭስ ብቻ! ቮልቱ ቢስማማ እንኳ ጥቂት ሒሳብ አለ። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 66 ካሬ ሜትር ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 60 በሉት። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 120 ይሆናል። ሻካራ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም 8 ካሬ ከሸፈነ 15 ሊትር ያስፈልጋል። የትንሿ መርጫ ጣሳ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ብትይዝ 19 ጊዜ መሙላት ነው! ቀለሙንም ካላቀጠኑት አትተፋም። እሷ ለበር፣ ለመስኮትና ለአጥር ብረት ትሁን።

የጋራዡ ኮምፕሬሰር ለመኪና የተፈጠረ ነው። ቀለሙን እንደ ጉም ስለሚበትነው ሜዳ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ግማሹ የጎረቤት ልብስ ላይ፣ ግማሹ የተሰጣ እህል ላይ ያርፋል። የዘይት ቀለም በቲነር ቀጥኖ ሲረጭ ደግሞ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ወይም ሲጋራ ካለ እሳት ነው። አፍን በሻሽ መሸፈን የቲነርን ትነት አያግድም።

አራተኛም አለ፤ ያለ አየር በፓምፕ ጉልበት ብቻ የሚረጨው ትልቁ ማሽን። ወፍራሙን የፕላስቲክ ቀለም ሳይቀጥን ይተፋዋል፤ ሰፊ ግድግዳ በአጭር ጊዜ ያዳርሳል። ግን ግፊቱ እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ ግፊት 100 እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። አፈሙዙን በጣት የነካ ሰው ቀለሙ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም «ቀላል ነው» ብሎ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል! አለዚያ ጣት እስከመቆረጥ ያደርሳል።

እንግዲህ ወደ ዋናው እንምጣ። ግድግዳውን ማን ጠየቀው? የቢቸና ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ በጭድና በጭቃ ሳይመረግ፣ አቧራው ሳይጠረግ ቢረጩት ምን ዋጋ አለው? ጭቃ ቤት ላይ የዘይት ቀለም ከሆነማ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘውና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። ኖራ ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበትን በር ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉ፤ ውሃ እያስነኩ ይሁን። በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አገራችን መጠኑን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳያልፍ በደንብ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ በር ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለአንድ ቤት ብሎ ማሽን መግዛት ኪስን ማራገፍ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ኖራ፣ አዲስ የእጅ መርጫና ብሩሽ ይበቃሉ። ልስኑ ሲሚንቶ ከሆነ ረጅም እጀታ ያለው ሮለር ያዙ። ትልቁን ማሽን ብዙ ቤት የሚቀባ ባለሙያ ይግዛው፤ እሱም ቢሆን ከኋላው በሮለር የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጀምሩ፤ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ኖራ ዓይን ከገባ ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ለወጣቱ ሙሽራም ምክራችን ይኸው ነው። የአጎቱን መርጫ በአክብሮት ይመልስ፤ እህቱ ለመርጫው ያሰበችውን ገንዘብ ለኖራና ለምርጊት ትላክለት፤ የጋራዡ ጓደኛ ደግሞ መሰላል ይያዝለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ… የፈሰሰ ቀለም ግን አይለቀምም! ቸር ይግጠመን።