ስለ ጋዜጣ አገባብ ስሕተትና ስለ አንባቢ ጥርጣሬ

ወሬ በመልእክተኛ አፍ ሲመጣ ሰሚው ያልገባውን መልሶ ይጠይቃል። ጋዜጣ ግን ተጠይቆ አይመልስም። ስለዚህ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ ከ1933 ዓ.ም. ዠምሮ የሚታተመውን «አዲስ ዘመን»ን ወይም በባሕር ዳር የምትዘጋጀውን «በኩር»ን የሚያነብ ሰው፥ ፊቱን አይቶት የማያውቀውን ጸሐፊ የሚመዝነው በቃሉ አገባብ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ወሬውን ራሱን የሚገለብጥ ስሕተት ነው። «ገበሬው ነጋዴውን ከሰሰ» መባል ሲገባው «ገበሬውን ነጋዴው ከሰሰ» ቢባል፥ አንዲት «ን» ስፍራዋን ስለ ለቀቀች ከሳሹ ተከሳሽ ይሆናል። ይህ በገበያ ቀን ቢነበብ ገበሬው በየሰዉ ጆሮ እየዞረ ሊያስተባብል ነውን? እርማት በሚቀጥለው ሳምንት ቢወጣም፥ የፊተኛውን ያነበበ ሁሉ እርማቱን አያነብም። «ይመታል» የሚለውም ቃል ሲላላ መቺውን፥ ሲጠብቅ ተመቺውን ያሳያል፤ በተለምዶ የማጥበቂያ ምልክት ስለማንጽፍ፥ ጸሐፊው በዙሪያው ባሉት ቃላት ሊያስረዳ ይገባዋል።

ሌላው ስሕተት ወሬውን አይለውጥም፤ እምነትን ግን ይቀንሳል። «ሊቃውንት» ብሎ መተው ሲበቃ፥ በብዙ ላይ ብዙ ደርበው «ሊቃውንቶች» ይላሉ። የከተማይቱም ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ነውና፥ በግእዝ ሕግ «ፍኖት» ዘርፍ ሲይዝ «ፍኖተ» ይሆናል። «ፍኖት ሰላም» ተብሎ ቢታተም፥ ቅኔ ቤት የዋለ የጎጃም ሽማግሌ ወረቀቱን አጥፎ፥ «የአገሩን ስም ያላወቀ የእህሉን ዋጋ ከወዴት ያውቃል?» ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሽማግሌው እኩሌታ እውነት አላቸው፤ በቃል የቸለለ በቍጥርም ሊቸልል ይችላልና። ዳሩ ግን ጥፋቱ የጸሐፊው ላይሆን ይችላል፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» በተዠመረበት ዘመን ፊደል በእጅ ይለቀም ስለ ነበር፥ ለቃሚውም ይሳሳት ነበር። በታጠፈውም ወረቀት ውስጥ ሕፃናት የሚከተቡበት ቀን ተጽፎ ይሆናል። ሐሰተኛ ወሬ ደግሞ አገባቡ አምሮ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

እንግዲህ መምህሩ ጋዜጣ ሲያስነብብ፥ ስሕተት ያገኘውን ተማሪ «ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ተለውጧልን?» ብሎ ይጠይቀው። ካልተለወጠ ቃሉን አርሞ ንባቡን ይቀጥል። ከተለወጠ ግን ለቤተ ሰቡ ከመንገሩ በፊት በራዲዮ ወይም በሌላ ጋዜጣ ያመሳክር።