የስትሪንግ ርዝመት

የስትሪንግ ርዝመት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ የአንድ ስትሪንግ (በተከታታይ የተቀመጡ ፊደላትና ምልክቶች) መጠን ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ሲይዝ የባይቶቹና የፊደላቱ ቁጥር እኩል ነው። አንድ ፊደል ከአንድ ባይት በላይ ሲይዝ ግን ሁለቱ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ርዝመቱ በምን እንደተለካ መታወቅ አለበት።

ባይትና ፊደል

አንድ ባይት 256 የተለያዩ ዋጋዎችን ብቻ ሊይዝ ይችላል። የግዕዝ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከዚህ ይበልጣሉ። እነዚህ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገቡ። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል ከ1 እስከ 4 ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲበቃው፣ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይፈልጋል። ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136 እና 176 በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጻፋል። ስለዚህ «ሰላም» 3 ፊደል፣ ነገር ግን 9 ባይት ነው።

የቋንቋዎች ልዩነት

በሲ ቋንቋ «ስትርሌን» የተባለው ፈንክሽን ባይት ስለሚቆጥር ለ«ሰላም» 9 ይመልሳል። ፓይተን 3 የዩኒኮድ ኮዶችን ስለሚቆጥር 3 ይመልሳል። በዩቲኤፍ-8 ከ128 እስከ 191 ያሉ ባይቶች የፊደል ተከታይ ክፍል ብቻ ናቸው፤ እነሱን ዘልሎ የቀሩትን የሚቆጥር ፕሮግራም የኮዶቹን ቁጥር ያገኛል።

ይህም ቢሆን ሁልጊዜ ዓይን ከሚያየው ጋር አይስማማም። የገና በዓል ስም መጥበቁን ለማሳየት በ«ና» ላይ የማጥበቂያ ምልክት ቢደረግ («ገና፟»)፣ አንባቢ 2 ፊደል ሲያይ ፓይተን 3 ይቆጥራል።

የስህተቱ ውጤት

«ገብረማርያም» 7 ፊደልና 21 ባይት ነው። ለስም 20 ባይት ብቻ የሚፈቅድ ፕሮግራም ጽሑፉን በባይት ከቆረጠው «ም» ሁለት ባይት ብቻ ይቀራታል፤ በቦታዋም ትርጉም የሌለው ምልክት ይታያል። ስለዚህ የማስቀመጫ ቦታ ሲመደብ በባይት መለካት፣ ጽሑፍ ሲቆረጥ ግን የፊደሉን ወሰን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በአጭር የስልክ መልእክትም ልዩነቱ ይታያል። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ይገባል፤ የአማርኛ ፊደል ግን 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል።