«ሥጋ ተው» ለማለት ስንት ዓመት ይማሯል?



ባለፈው ዓመት ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ ስልኳን አሳየችኝ። በኢንተርኔት ስድስት ሳምንት ተምረው «የቪጋን ሥነ ምግብ አማካሪ» የሚል ምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ትምህርት ነው። ክፍያውን ሪያድ ያለችው እህቷ ልትልክላት ቃል ገብታለች። «ኡስታዝ፣ ብማረው ሥራ አገኝበታለሁ?» አለችኝ። እኔም ቸኩዬ «ማሻአላህ፣ ዕውቀት አይናቅም፤ ተማሪው» አልኳት።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው በመልሴ አፈርኩ። ገንዘቡ እህቷ በሰው ቤት ደክማ የምታገኘው ነው። ከገንዘቡም በላይ፣ ይህች ልጅ ነገ በዚያች ወረቀት የታመመ ሰው ልታማክር ነው።

ቪጋን የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ጓደኞቹ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የወጣ ነው። ሥጋን ብቻ ሳይሆን ዓሣን፣ እንቁላልን፣ ወተትንና ቅቤን፣ ማርንም ሳይቀር የማይቀምሱ ሰዎች መጠሪያ ነው። ለእኛ አገር ሰው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት አዲስ ነገር አይደለም፤ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጾም ማዕድ ይኸው ነው። በዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤቶችን ቪጋኖች የሚወዷቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጾም ይፈታል፤ በመካከሉ እንቁላሉም ወተቱም ይመጣል። የቪጋኑ ማዕድ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ያው ነው። ባለሙያ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ቢ12 የሚባል ቫይታሚን አለ። በፋብሪካ ካልተጨመረበት በቀር በዕፅዋት ምግብ ውስጥ በአስተማማኝ መጠን አይገኝም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ ነው። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ፣ ሥጋና ወተት ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት «ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ቀለለኝ» ይላል። ስንቁ ሲያልቅ ግን የእግር መደንዘዝ፣ የደም ማነስና የመርሳት ችግር ይከተላል። ፎሌት የተባለው ሌላ ቫይታሚን በብዛት ሲወሰድ ደግሞ የደም ማነሱን ሸፍኖ ነርቩ በስውር እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። የምታጠባ እናት ቢ12 ከጎደላት ጉዳቱ ለሕፃኑ ይተርፋል። ብረትም የራሱ ጣጣ አለው። በምስርና በጎመን ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ ባለሙያው «ሎሚ ጨምሩበት፣ ቡናውን ከምግቡ ሰዓት አርቁት» ይላል። (ቡናውን ማራቁ ለእኛ ቤት ከሥጋው ይልቅ ይከብዳል!)

አሁን የስኳር ሕመም ያለባቸውን አንዲት እናት እናስብ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ለዓመታት ወስደዋል። ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በራሱ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። እግራቸው ሲደነዝዝ «ስኳሩ ነው» ብለው ዝም ይላሉ። «ሥጋና ወተት ይተዉ» የሚላቸው ሰው አስቀድሞ የሚወስዱትን መድኃኒት መጠየቅ፣ የደም ምርመራቸውን ማንበብ፣ ምግቡ ሲለወጥ የስኳሩ መጠንም ስለሚለወጥ ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለበት። ይህን ሁሉ በስድስት ሳምንት ማን ይማረዋል?

በእንግሊዝ አገር «ዳይቲሺያን» የሚለው የሙያ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። በዩኒቨርሲቲ ያልተማረና ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይፈቀድለትም። «ኑትሪሽኒስት» የሚለው ግን በዚያው አገር ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ለዳይቲሺያንነት መመዝገቢያ ፈተና ለመቀመጥ የማስተርስ ዲግሪ ግድ ሆኗል። በሁለቱም አገሮች የቪጋን አመጋገብ ባለሙያው ሊያተኩርበት የሚችል አንድ ዘርፍ እንጂ ለብቻው የሥራ ፈቃድ የሚያሰጥ አይደለም። አጫጭር ኮርሶቹን አልነቅፍም። ለሐኪም፣ ለነርስ፣ ለምግብ አብሳይ ይጠቅማሉ፤ ሌላ መሠረት ስላላቸው።

በአገራችንም በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምግብ ትምህርት ይሰጣል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የጠላ ተማሪ አይድከም። የተማረ ሰው በሆስፒታል፣ በሕዝብ ጤና ሥራ፣ በምግብ ፋብሪካ፣ በትምህርት ቤት ምገባ ቦታ አለው። ብዙዎች በልጅነታቸው የበሉት ፋፋ የዚህ ሙያ ውጤት ነው፤ በስዊድን መንግሥት እገዛ የተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም ስንዴን፣ ሽምብራንና አኩሪ አተርን ከጥቂት የወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ ያወጣው ነው።

ሙስሊሙ ባለሙያ ደግሞ ሌላው የማያየውን ያያል። ብዙ የቫይታሚን ካፕሱሎች የሚሠሩት ከጀላቲን ነው፤ ጀላቲኑም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። «ከእንስሳት የጸዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ስጎም ወይን ጠጅ ሊኖርበት ይችላል፤ ስለዚህ ሐላል ነው ማለት አይደለም። ሥጋን ስለማይስማማው ወይም ስለማይወደው የሚተው ሰው ችግር የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ደብ» የተባለውን የበረሃ እንስሳ ሥጋ አልበሉም፤ በአገራቸው ያልለመዱት በመሆኑ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን በፊታቸው ሲበላው አልከለከሉትም። የሚያስፈራው አላህ (ሱ.ወ) የፈቀደውን ሐራም ማድረግ ነው። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። ወላሁ አዕለም።

ተማሪዬን ፈልጌ የመጀመሪያውን ምክሬን መሳሳቴን ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «እሺ ኡስታዝ፤ ስድስቱ ሳምንት አራት ዓመት ሆነብኝ ማለት ነው» አለች። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። የኢንተርኔቱን ኮርስ ግን ጨርሳ አልተወችውም፤ ባለፈው ሳምንት ዋጋው መቀነሱን ነግራኛለች።